ሦስት መርዞችና አንዲት የአቧራ ቅንጣት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር፤ ለመጽሔቱ ሲዘጋጅ ጥቂት ታርሟል።)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «አንቺ ሐኪም ነሽ፤ እኛም ዕድሜያችን እየሄደ ነው፤ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ሃያ ደቂቃ ብትነግሪን» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩ። በማግስቱ ደግሜ ደወልኩና ርዕሱን ቀየርኩባቸው። የግፊቱን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁና ልገላገል፦ ጨው ቀንሱ፤ በእግራችሁ ሂዱ፤ መድኃኒት የታዘዘላችሁ ደግሞ «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡ። ጨረስኩ። የቀረውን ጊዜ በከዋክብት መካከል ስላለ በረዶ ልናገርበት።

«ይቺ ልጅ ምን ነካት?» የምትሉ እንዳላችሁ አያለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የተጂ ልጅ ነኝ። ለማታውቁት፣ በጅማ መንገድ ሰበታንና ተፍኪን አልፋችሁ በበቾ ሜዳ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ግቢ ሳለን «ተጂ የት ነው?» ስባል «ሰበታ አጠገብ» ብዬ ነበር የምገላገለው፤ ዛሬ በይፋ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ባለፈው ዓመት እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊት ስለ ጤና እንድናገር ተጠርቼ ሄድኩ። የመረጥኩት ርዕስ ምንጩ ያልታወቀ መጠጥ የሚያመጣው ጉዳት ነበር፤ ለምን እሱን እንደመረጥኩ ኋላ እነግራችኋለሁ። ሜታኖል የሚባለው የአልኮል ዓይነት ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ሰውም እንደሚገድል አስረዳሁ። «ጥያቄ ያለው?» ስል ከኋላ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። በኦሮምኛ ነው የጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ ሜታኖል መጀመሪያ የተሠራው የት ነው?»

«ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ጥቂቱ ደግሞ ከጥንስስ ይወጣል» አልኳት። ልጅቷ አልተቀመጠችም። «እሱን አይደለም። መጀመሪያ። ፋብሪካም ሰውም ከመኖሩ በፊት» አለችኝ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አላውቀውም ነበርና። «አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። የዛሬው ንግግሬ የዚያች ልጅ የቤት ሥራ ነው።

መጀመሪያ ሦስት መርዞችን ላስተዋውቃችሁ። ሐኪሞቹ ያውቋቸዋል። የመጀመሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በብርድ ሌሊት ከሰል አያይዘው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን በሸክም የሚያስመጣብን እሱ ነው። ሁለተኛው ፎርማልዲሃይድ ነው፤ በውሃ ሲሟሟ ፎርማሊን እንለዋለን። የሕክምና ተማሪ የነበረ ሁሉ አናቶሚ ክፍል በገባበት የመጀመሪያ ቀን ዓይኑን ያስለቀሰው እሱ ነው። እኔ ያን ሰሞን ካፌ የምበላው እንጀራ ሁሉ ፎርማሊን ፎርማሊን ይሸተኝ ነበር። ሦስተኛው ሜታኖል ነው።

ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት አንድ ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ነው። ሁለት ሃይድሮጅን ጨምሩበት፣ ፎርማልዲሃይድ ይሆናል። ሁለት ሃይድሮጅን ድገሙት፣ ሜታኖል ይሆናል። በቃ፣ መሰላሉ ይኸው ነው። ልጅቷ የጠየቀችኝ ይህ መሰላል መጀመሪያ የተወጣው የት ነው ማለት ነው።

መልሱን ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር አስደነገጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1969 በራዲዮ ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፎርማልዲሃይድን ከዋክብት በሌሉበት ጠፈር ላይ፣ በጋዝ ደመናዎች ውስጥ አግኝተውታል። የአናቶሚ ክፍላችን ሽታ ማለት ነው! በሚቀጥለው ዓመት ካርቦን ሞኖክሳይድና ሜታኖል ተከተሉ። ዛሬ በጠፈር ውስጥ የታወቁት የሞለኪውል ዓይነቶች ከ300 በላይ ናቸው።

ችግሩ እንዴት ተሠሩ የሚለው ነበር። እነዚህ ደመናዎች ደመና ይባሉ እንጂ እጅግ የሳሱ ናቸው። ጥቅጥቅ ባለው ሥፍራ እንኳ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አሁን በዚህ አዳራሽ በምንተነፍሰው አየር፣ በዚያው መጠን ውስጥ 20 ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ አሉ። ብርዱም ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ደግሞ ሁለት አተሞች እንደ ዕድል ሆኖ ቢገናኙ እንኳ መዋሐድ ይቸግራቸዋል፤ ሲጣመሩ የሚወጣውን ኃይል የሚቀበላቸው ሦስተኛ ወገን ከሌለ፣ በዚያው ኃይል ተመልሰው ይለያያሉ። እኛ አገር ሰው ያለ ሽማግሌ አይታረቅም፤ አተሞችም እንደዚያው ናቸው።

ሽማግሌዋ የአቧራ ቅንጣት ናት። ከሲሊኬት፣ ማለትም ከድንጋይ ዘር፣ ወይም ከካርቦን የተሠራች ስትሆን፣ መጠኗ የአንድ ማይክሮ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ለሐኪሞች በሚገባን ቋንቋ፣ ከአንድ ቀይ የደም ሴል ሰባ ጊዜ ያህል ታንሳለች። አተሞች መጥተው ይለጠፉባታል፤ በገጿ ላይ እየተንከላወሱ ይገናኛሉ፤ ሲጣመሩ የሚወጣውን ሙቀት እሷ ትቀበላቸዋለች።

ሱሉልታ ላይ ክረምት ከወጣ በኋላ ያደረ ሰው ውርጭን ያውቃል። ልጅ ሳለሁ ኅዳር ላይ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ጠዋት ስወጣ፣ ያ ሁሉ የሣር ሜዳ ነጭ ሆኖ አገኘው ነበር። ከሰማይ የወረደ ነበር የሚመስለኝ። አይደለም፤ አየሩ ውስጥ የነበረው ተን ነው ሌሊቱን በቀዘቀዘው ሣር ላይ በረዶ የሆነው። በጠፈርም ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደዚያ ውርጭ ሆኖ ቅንጣቷን ይለብሳታል። ውሃው ግን በአብዛኛው እዚያው ላይ ነው የሚሠራው፦ ኦክስጅን ይመጣል፣ ሃይድሮጅን ይመጣል፣ ውሃ ይሆናሉ። ናይትሮጅኑ በዚሁ መንገድ አሞኒያ ይሆናል፤ ካርቦኑ ሚቴን።

ከዚያ መሰላሉ ይጀመራል። በአንድ ቅንጣት ላይ አንድ የሃይድሮጅን አተም የሚያርፈው በቀን አንድ ጊዜ ያህል ነው። እስቲ አስቡት፤ በቀን አንድ እንግዳ። ግን ደመናው የሚሊዮን ዓመት ጊዜ አለው። ሃይድሮጅኑ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ሲያገኘው ደግሞ በመካከላቸው ግንብ አለ፤ በዚያ ብርድ ግንቡን የሚያዘልል ሙቀት የለም። ሃይድሮጅን ግን ከአተሞች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ፣ በኳንተም ሕግ ግንቡን ሳይዘል ሾልኮ ያልፋል። የፊዚክስ ልጆች «ተነሊንግ» የምትሉት ነው፤ እኛ ፍሬሽማን ሳለን ለፈተና ሸምድደነው በማግስቱ የረሳነው። አንድ፣ ሁለት ሃይድሮጅን ሲደርሰው ፎርማሊን፤ ሦስት፣ አራት ሲደርሰው ሜታኖል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በጃፓን የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበትን በረዶ በዚያ ብርድ አስቀምጠው፣ የሃይድሮጅን አተም እያዘነቡበት ሁለቱንም ሠርተው አሳይተዋል።

እንግዲህ ለልጅቷ የሚሆነው መልስ ይኸው ነው፦ በከዋክብት መካከል፣ በጨለማ፣ በብርድ፣ በአቧራ ላይ በተለጠፈ ውርጭ ውስጥ።

አሁን ወደ ምድር ልመልሳችሁ። ስለ መጠጥ ለምን እንደተናገርኩ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር።

ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ራቅ ባለ ሥፍራ። የቦታውንም የሰውየውንም ስም አልጠራም። በዓል በዋለ ማግስት ማታ አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ይዘው መጡ። ያስታውከዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ ሆዱን ይዟል። አልኮል ይሸታል። እኔም «ስካር ነው፣ ጨጓራውንም ነክቶታል» ብዬ ግሉኮስ ሰቀልኩለት፤ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠሁት። ትንፋሹ ይፈጥን ነበር። አይቼዋለሁ፤ ካርዱ ላይም በእጄ ጽፌዋለሁ። ጽፌ አለፍኩ። ምን ጠጣህ፣ ከየት ገዛኸው፣ አብሮህ ማን ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም። ጠዋት ዙር ስንገባ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ አርፋለች። እሱ ግን «ዶክተር፣ ዛሬ ጉሙ አይገለጥም እንዴ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጉበታችን ሜታኖልን ሲያገኝ ያንን መሰላል ቁልቁል ነው የሚወርደው፦ ሜታኖሉን ፎርማልዲሃይድ ያደርገዋል፤ ፎርማልዲሃይዱን ደግሞ ፎርሚክ አሲድ። ጉንዳን ሲነክሰን ከሚያቃጥሉን ነገሮች አንዱ ይህ አሲድ ነው። ዓይን የሚያጠፋው፣ ደሙን አሲድ አድርጎ ትንፋሽ የሚያፈጥነው እሱ ነው። ጉበቱ ሥራውን እስኪሠራ ሰዓታት ይወስዳል፤ እነዚያ ሰዓታት ለሐኪም የተሰጡ ናቸው። መደበኛውን አልኮል፣ ኢታኖልን፣ በልክ ብትሰጡት ኢንዛይሙ ኢታኖሉን ያስቀድምና ሜታኖሉ ሳይለወጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህን ሁሉ ሁለተኛ ዓመት ባዮኬሚስትሪ ላይ ተምሬዋለሁ፤ ሥዕሉን ስዬ ኤ አግኝቼበታለሁ። ያን ሌሊት ግን ባዮኬሚስትሪ ለእኔ ያለፈ ኮርስ ነበር። ዘግይተን ኢታኖሉን ሰጠነው። ሰውየው ነፍሱ ተረፈች፤ ዓይኑ አልተመለሰም።

ይህን የምነግራችሁ ንስሐ ለመግባት አይደለም። እኛ ተግባረኞቹ፣ ሐኪሞችም መሐንዲሶችም፣ «ይሄ ምን ያደርግልኛል?» ብለን ያለፍነው መሠረታዊ ሳይንስ የሚጠቅምበት ሰዓት ሲመጣ ቀጠሮ አይዝም። እኔን የጎደለኝ ዕውቀት አልነበረም፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ክፍል ውስጥ የተማርኩትንና አልጋው ላይ ያለውን ሰው አላገናኘኋቸውም።

ወደ በረዷችን እንመለስ፤ መሰላሉ ሜታኖል ላይ አያበቃምና። ለእኛ መርዝ የሆኑት እነዚህ ነገሮች እዚያ ጥሬ ዕቃ ናቸው። የከዋክብት አልትራቫዮሌት ጨረርና ኮስሚክ ጨረር በረዶውን ሲመታው ሞለኪውሎቹ ይሰበራሉ፤ እጃቸው የተፈታ ስብርባሪዎች፣ ራዲካል የምንላቸው፣ በረዶው ውስጥ ታስረው ይቀመጣሉ። አጠገባቸው አዲስ ኮከብ መወለድ ሲጀምር በረዶው ጥቂት ይሞቃል፤ ያኔ ስብርባሪዎቹ ተንቀሳቅሰው እርስ በርስ ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ በአሜሪካ የናሳ ኤምስ ማዕከል፣ ሌላው በአውሮፓ፣ በየፊናቸው ውሃ፣ ሜታኖልና አሞኒያ ያለበትን በረዶ ጨረር አስመትተው በቀረው ዝቃጭ ውስጥ አሚኖ አሲዶች አገኙ፤ የአውሮፓው ቡድን ብቻ 16 ዓይነት። በ2016 ደግሞ በፈረንሳይ ያሉ ተመራማሪዎች በተመሳሳይ መንገድ ሪቦስ አገኙ፤ የአርኤንኤ አከርካሪ የሆነውን ስኳር።

«ይህ ላቦራቶሪ ነው፤ እውነተኛው በረዶ ውስጥ ያለውን በምን ታውቃላችሁ?» ለሚል መልሱ ጣታችሁ ላይ ነው። በኮቪድ ጊዜ ሁላችሁም ጣታችሁን ያስገባችሁባት የኦክስጅን መለኪያ ደማችሁን አልቀዳችም። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣታችሁ አሳልፋ፣ የትኛው ምን ያህል እንደተዋጠ ነው ያነበበችው። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የኮከብ ብርሃን በበረዷማው አቧራ ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሞለኪውል የራሱን የኢንፍራሬድ ድርሻ ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት በመወለድ ላይ ባሉ ከዋክብት ዙሪያ ባለው በረዶ ውስጥ ኢታኖልና አሴታልዲሃይድ፣ ፎርሚክ አሲድም ተገኝተዋል፤ የኮምጣጤ አሲድም ሳይኖር አይቀርም ተብሏል። አረቄውም፣ የጉንዳኑም አሲድ፣ ኮምጣጤውም እዚያው ናቸው።

ከእነዚያ ከዋክብት አንዱ ያለው ፐርሲየስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ ወደ 1,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ነው። በታኅሣሥ ምሽት ሱሉልታ ወይም ተጂ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ከፍ አድርጋችሁ ብትመለከቱ ፐርሲየስን ታዩታላችሁ። ጎረቤቱ አንድሮሜዳ ነው፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የነበረችው። በዚያው በአንድሮሜዳ ውስጥ የእኛ ስም ያላት ኮከብ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ ዕድል ሲሰጥ ኮከቧ «ቡና»፣ የምትዞራት ፕላኔት «አቦል» ተብለዋል። ወደ ጎረቤት ብቅ ብትሉ እንግዲህ ቡናም አለ።

እነዚህ ሞለኪውሎች እዚያ ብቻ አይቀሩም፤ በኮሜትና በአስትሮይድ ተጭነው ይጓዛሉ። ቤኑ ከሚባለው አስትሮይድ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ምድር በመጣው ናሙና ውስጥ፣ ፕሮቲናችን ከሚሠራባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ ተገኝተዋል፤ የዲኤንኤና የአርኤንኤ አምስቱ መሠረቶችም ጭምር።

የእኛን ማኅበር ይበልጥ የሚመለከተው ግን በጎረቤታችን በሱዳን የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2008 አራት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ ምድርን ከመምታቱ ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ታየ። አስትሮይድ ከመውደቁ በፊት ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነው። በኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። ስብርባሪውን ፍለጋ የወጡት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሠራተኞች ናቸው፤ ሙዓዊያ ሻዳድ ከሚባሉት መምህራቸውና ከአሜሪካ ከመጣው ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር በረድፍ ሆነው በረሃውን በእግራቸው አሰሱት። በተለያየ ጊዜ 600 ያህል ስብርባሪ ለቅመዋል። ድንጋዩ ዛሬ «አልማሃታ ሲታ»፣ ጣቢያ ስድስት፣ በሚባለው የባቡር ጣቢያ ስም ይጠራል። ሲመረመር 19 ዓይነት አሚኖ አሲድ ተገኘበት። ተመራማሪዎቹን ያስገረመው ደግሞ ድንጋዩ ጥንት ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ መሆኑ ነው፤ በረዶ ላይ የተሠራ ነገር ያንን አይችልም። ስለዚህ ሌላ መንገድም ሳይኖር አይቀርም ተባለ፤ ትልቁ ድንጋይ ከጋለ በኋላ ሲቀዘቅዝ። አያችሁ፣ ተማሪዎች በእግራቸው ሄደው የለቀሙት ድንጋይ የሊቃውንቱን መልስ ወደ ጥያቄ መለሰው።

አንድ ነገር እንዳታጋንኑብኝ። ጥሬ ዕቃ ሕይወት አይደለም። ጤፍ ስላለ እንጀራ አለ ማለት አይደለም፤ ማቡካቱ አለ፣ እርሾው አለ፣ ምጣዱ አለ። በአገራችን ዳሎል ላይ ውሃው ሞልቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት አሲዱና ጨው በበረታባቸው ኩሬዎች ሕያው ነገር አላገኘም፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ ብሏል። ከሞለኪውል እስከ ሕይወት ያለው መንገድ ገና ክርክር ላይ ነው።

ልጨርስ። ከማኅበራችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየዓመቱ ከእኛ መካከል አንድ የኬሚስትሪ ወይም የፊዚክስ ምሩቅ ለሕክምና ተማሪዎች፣ አንድ ሐኪም ደግሞ ለሳይንስ ተማሪዎች ይናገር። ሐኪሙ የተሳሳተውን ይዞ ይሂድ፤ ተማሪ ከዚያ የሚማረው ከሃንድአውት ከሚማረው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ልጆችን በዓመት አንድ ቀን እንጦጦ እንውሰድ። እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ለተጂ፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩ ልጅ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። የሚያስፈልገው አንድ አውቶቡስና ምሳ ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ፊታቸውን ባያጠቁሩ።

ለልጅቷ መልሱን ይዤላት ሄጄ ነበር። ደመናውን፣ ብርዱን፣ በአቧራዋ ላይ የሚያርፈውን ሃይድሮጅን እንደነገርኳችሁ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። «እሺ፣ አቧራውስ ከየት መጣ?» አለችኝ።

የፊዚክስ ልጆች፣ ይሄ የእናንተ ነው። «ዶክተሯ የፊዚክስ ሰው ይዛ ትመጣለች» ብዬላታለሁ፤ እንዳታሳፍሩኝ።